ጥንስሱን የሚይዘው ዕቃ፦ ጋንና ብልቃጥ በኮሎምበስ

የኦሃዮ ግዛት መዲና በሆነችው በኮሎምበስ ለበዓል ጠላ መጥመቅ ወይም ጠጅ መጣል የሚሻ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ጌሾና ብቅል ፍለጋ ብዙ አይደክምም። ሁለቱም ከሐበሻ ሸቀጥ መደብሮች ይገዛሉ፤ ማሩም በየገበያው አለ። የሚቸግረው ዕቃው ነው። ጋንና እንስራ ባሕር አቋርጠው እምብዛም አይመጡም። ቢመጡም እንኳ በአፓርታማ ውስጥ በወይራ ጭስ ለማጠን የሚሞክር ሰው ጣሪያው ላይ በተገጠመው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጩኸት ጎረቤቱን ሁሉ ያስደነግጣል።

በዚህ የተነሣ አንዳንዱ ፊቱን ወደ አሜሪካውያን የቤት ጠማቂዎች መሣሪያ ያዞራል። በዚያ መንደር የጥንስስ ዕቃ ተብሎ የሚታወቀው ሥሩ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ የሆነ ሾጣጣ የመስታወት ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ላይ ይቀመጣል፤ በውስጡም አንዲት ነጭ ዘንግ ያለ ማንም ንክኪ ቀንና ሌሊት ትዞራለች። ይህ ዕቃ ለምን እንዲህ ተሠራ? ሌላ ዕቃስ ሊተካው ይችላል? ከሁሉ በላይ ደግሞ የጋኑን ሥራ ይሠራልን? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የተመሠረተው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እርሱም እርሾ ከአየር ጋር ያለው ግንኙነት ነው።

የጠመቃና የክልከላ ከተማ

ኮሎምበስ ከጠመቃ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ጀርመናዊው ስደተኛ ሉዊስ ሆስተር በ1836 እ.ኤ.አ. ከመሀል ከተማው በስተደቡብ የቢራ መጥመቂያ ካቋቋመ በኋላ ሌሎች ተከትለውታል፤ አካባቢውም እስከ ዛሬ የቢራ ጠማቂዎች ሠፈር እየተባለ ይጠራል። በአንጻሩ የአልኮል መጠጥ በመላ አገሪቱ እንዲታገድ የታገለው የጸረ መጠጥ ቤቶች ማኅበር በዚችው ግዛት በኦበርሊን ከተማ በ1893 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ፣ በ1909 እ.ኤ.አ. የኮሎምበስ ጎረቤት በሆነችው በዌስተርቪል ከትሟል። ማኅበሩ የታገለለት አገር አቀፍ ክልከላ ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ጸንቶ ቆይቷል።

ክልከላው ከተነሣ በኋላም ቢራን በቤት መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ዘግይቶ ነው። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በጥቅምት 1978 እ.ኤ.አ. የፈረሙት ሕግ በየካቲት 1979 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ አንድ ሰው ብቻውን በሚኖርበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 378 ሊትር፣ ሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑበት ቤት ደግሞ 200 ጋሎን ለራስ ፍጆታ መጥመቅ ተፈቀደ። መሸጥ ግን አልተፈቀደም። ዛሬ በየመደብሩ የሚታዩት የጥንስስ ብልቃጦች ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው የቤት ጠመቃ ልማድ ውጤቶች ናቸው።

አንድ ጥቅል እርሾ ስለማይበቃ

ጥንስስ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። አሠራሩ እንደየአካባቢው ቢለያይም፣ ጠላ ጠማቂ ሴት ሁሉንም እህል በአንድ ጊዜ ጋን ውስጥ አትከተውም። አስቀድማ በታጠነው ጋን ውስጥ ጌሾን፣ ብቅልንና ውኃን ቀላቅላ ትጠነስሳለች፤ ጥንስሱ ሲነሣ አሻሮውን ወይም እንኩሮውን ጨምራ ትደፈድፋለች፤ በመጨረሻም ውኃ ሞልታ ታመርጋለች። ጥቂቱ እርሾ በትንሽ ምግብ ላይ ተራብቶ ኃይል ካገኘ በኋላ ትልቁ ሥራ ይሰጠዋል ማለት ነው።

የአሜሪካው ቤት ጠማቂም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ እርሾውን መቁጠሩ ነው። በተለመደው ስሌት መሠረት ሞቅ ባለ ክፍል የሙቀት መጠን ለሚፈላ ቢራ፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሊትርና ለእያንዳንዱ መቶኛ የስኳር መጠን 750 ሺህ ያህል የእርሾ ሕዋሳት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ከክብደቱ 12 በመቶው ስኳር ለሆነ 20 ሊትር የብቅል ጭማቂ ወደ 180 ቢሊዮን ሕዋሳት ይፈለጋሉ። አንድ ጥቅል ፈሳሽ እርሾ ትኩስ ሳለ የሚይዘው በተለምዶ ወደ 100 ቢሊዮን ገደማ ሲሆን፣ በመደርደሪያ ላይ በቆየ ቁጥር ከእነዚህ ውስጥ በሕይወት የሚቀሩት እየቀነሱ ይሄዳሉ። ቁጥሩ ካነሰ መፍላቱ ይዘገያል፤ በዚያ መዘግየት ውስጥም ያልተጋበዙ ተሕዋስያን ቀድመው ሊሠለጥኑ ይችላሉ።

ጉድለቱን ለመሙላት 100 ግራም ያህል የደረቀ የብቅል ጭማቂ ዱቄት በ1 ሊትር ውኃ ተፈልቶና ቀዝቅዞ እርሾው ይጨመርበታል፤ ከዚያም ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ቀን ተኩል እየተማሰለ ይቆያል። የዕቃ ምርጫ ጥያቄ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

እርሾ አየርን ለምን ይፈልጋል?

ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ እርሾ አየር በተነፈገ ጊዜ ስኳርን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ አየር ባገኘ ጊዜ ግን ይበልጥ ይራባል። በስኳር በበለጸገ ፈሳሽ ውስጥ እርሾ አየር እያለም አልኮል መሥራቱን አያቆምም። ሆኖም ኦክስጅን ሲያገኝ ስቴሮል የተባሉትንና ሌሎች የሕዋሱን ሽፋን የሚገነቡ ቅባቶች ይሠራል። አንዲት የእርሾ ሕዋስ ለሁለት በተከፈለች ቁጥር ይህን ቅባት ለልጇ ታካፍላለች። ኦክስጅን በሌለበት ስትከፋፈል ስንቋ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ መራባቷን ታቆማለች።

በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ንጹሕ ውኃ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 240 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በኮሎምበስ፣ በሊትር 9 ሚሊግራም አይሞላም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ስለሚሳሳ መጠኑ ወደ 7 ሚሊግራም ዝቅ ይላል። ሁለቱንም ቢሆን በመራባት ላይ ያለ እርሾ ብዙ ሳይቆይ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ፈሳሹ ገጹን እየለዋወጠ ዘወትር ከአየር ጋር መገናኘት አለበት። የማማሰል ዋና ዓላማም ይህ ነው፤ በተጨማሪም እርሾው ሥር እንዳይዘቅጥና የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲወጣ ይረዳል።

ያለ እጅ የሚያማስለው መሣሪያ የተገኘው ከቤተ ሙከራ ነው። አርተር ሮዚንገር የተባለ አሜሪካዊ በማግኔት ለሚሠራ ማማሰያ በ1944 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ በሞተር የሚዞር ማግኔት በዕቃው ውስጥ ያለችውን በቴፍሎን የተሸፈነች የማግኔት ዘንግ አስከትሎ ያዞራታል። ብዙ የቤት ጠማቂዎች ከአሮጌ ኮምፒዩተር የወጣ ማቀዝቀዣ አድናቂ በመሰለ ማራገቢያ ላይ ጠንካራ ማግኔት በማጣበቅ ይህንኑ መሣሪያ በርካሽ ይሠሩታል።

ሥሩ፣ አንገቱና ስፋቱ

ሾጣጣውን ብልቃጥ በ1860ዎቹ መባቻ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ኤርለንማየር ሲሆን፣ ስሙም እስከ ዛሬ በእርሱ ይጠራል። ጠባቡ አንገት ፈሳሹ ሲወዛወዝ እንዳይፈናጠቅ ያደርጋል፤ በአየር የሚንሳፈፍ ብናኝ የሚገባበትንም በር ያጠብባል። ሰፊው ሥር ደግሞ ዕቃውን ከመገልበጥ ይጠብቃል፤ ለፈሳሹም ሰፊ ገጽ ይሰጠዋል።

ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ብልቃጡ እስከ አንገቱ ካልተሞላ ብቻ ነው። የፈሳሹ ገጽ 14 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ካለው ከሰፊው ክፍል ላይ ቢያርፍ 154 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ከአየር ጋር ይገናኛል። ወደ ላይ ሞልቶ ዲያሜትሩ 7 ሴንቲ ሜትር ከሆነበት ቢደርስ ግን ስፋቱ ወደ 38 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ማለትም ወደ ሩብ ይቀንሳል። አረፋውም መውጫ ሲጠብበው ገንፍሎ ይፈሳል። ስለሆነም በባለ 2 ሊትር ብልቃጥ ውስጥ ከ1 ሊትር ተኩል ያልበለጠ ጥንስስ ማድረግ ይመከራል። አፉም በጥብቅ ሊደፈን አይገባውም፤ አየር ማስገባት እንዲችል በላላ የአሉሚኒየም ወረቀት መሸፈኑ ይበቃል።

ከቅርጹ ቀጥሎ ወሳኙ የዕቃው ሥር ነው። ማግኔት ርቀት ሲጨምር ኃይሉ በፍጥነት ይዳከማል፤ ስለዚህ የጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት እንኳ ዘንጓን ከመሥመሯ ሊያስወጣት ይችላል። ከኮሎምበስ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በቶሌዶ ማይክል ኦዌንስ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ጠርሙስን በራሱ የሚሠራ ማሽን ካዘጋጀ ወዲህ የመስታወት ጠርሙስና ገንቦ በየቤቱ ረክሷል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ጠርሙሶችና ባለ አንድ ጋሎን ገንቦዎች ለጥንካሬ ሲባል ሥራቸው ወደ ውስጥ ጎበጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ዘንጓ በዚያ ጉብታ ላይ ተቀምጣ ጥቂት እንደዞረች ተንሸራታ ትወድቅና ጥግ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ገዢው ማድረግ የሚገባው ዕቃውን በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ሥሩን በጣቱ መዳሰስ፣ ከተቻለም ዘንጓን ከነውኃዋ በማማሰያው ላይ መሞከር ነው። ፍጥነቱንም ማብዛት አያስፈልግም፤ በፈሳሹ ገጽ ላይ አነስተኛ የአዙሪት ስርጉድ ከታየ ይበቃል።

በዚህ መመዘኛ ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ ሰፊ አፍ ያለው የመስታወት ማሰሮ ከውዱ ብልቃጥ ብዙ አያንስም። እንዲያውም እጅ ገብቶ ሊያጥበው መቻሉ ትልቅ ብልጫ ነው። መሣሪያው የሌለው ሰው ደግሞ 1 ሊትሩን ጥንስስ በ4 ሊትር ገንቦ ውስጥ አድርጎ አረፋ እስኪሞላው ድረስ በኃይል ቢንጠው ከአየሩ ጋር በሚገባ ያገናኘዋል።

መስታወቱ ሲሰነጠቅ

የዕቃው ምርጫ የመጠጡን ጣዕም ብቻ ሳይሆን የሰውንም ደኅንነት የሚነካ ነው። ብዙ ጠማቂዎች የብቅሉን ጭማቂ በዚያው በብልቃጡ አፍልተው በዚያው ማቀዝቀዝን ይመርጣሉ። ይህን የሚችለው ቦሮሲሊኬት የተባለው መስታወት ብቻ ነው። ተራው የጠርሙስ መስታወት በእያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ ከርዝመቱ ወደ 9 ሚሊዮንኛ ያህል ሲለጠጥ፣ ቦሮሲሊኬት የሚለጠጠው ወደ 3.3 ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። የጋለው ተራ መስታወት በረዶ ውስጥ ሲገባ ውጩ ሲኮማተር ውስጡ ገና እንደተለጠጠ ይቆያል፤ በመካከሉ በሚፈጠረው ውጥረትም ይፈነዳል። በገበያ ላይ ለማእድ ቤት የሚሸጥ ሙቀት ቻይ መስታወት ሁሉ ደግሞ ቦሮሲሊኬት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት።

ቦሮሲሊኬትም ቢሆን በጋለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጥምዝ ላይ በቀጥታ ሲቀመጥ ሙቀቱ እኩል ስለማይዳረስ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠባቡ አንገት በማማሰል ጊዜ የነበረው ጥቅም በማፍላት ጊዜ ጉዳት ይሆናል፤ አረፋው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ስለሚጠብበት እንደ ምንጭ ይፈናጠቃል። በፈላው ጭማቂ ውስጥ ዘንጓን ወይም ዱቄት መጨመርም ድንገተኛ ግንፈላ ያስነሣል። የፈላ ስኳር በቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ ቃጠሎው ከተራ ውኃ ይብሳል።

ቀላሉ መፍትሔ ማፍላትንና ማማሰልን መለየት ነው። ጭማቂው በብረት ድስት ይፈላል፤ ተከድኖ በበረዶ ውኃ ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በኋላ በሚገባ ታጥቦ ከተሕዋስያን ወደ ነጻ ዕቃ ይገለበጣል። ይህን ያደረገ ሰው ውድ መስታወት የመግዛት ግዴታ የለበትም።

ከመስታወት ውጭ ያሉ ዕቃዎችም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ለውኃና ለለስላሳ መጠጥ የሚውለው ስስ የፕላስቲክ ጠርሙስ የጋለ ፈሳሽ ሲገባበት ይሟሽሻል፤ ሲፈተግ በሚፈጠርበት ጭረት ውስጥም ተሕዋስያን ይሸሸጋሉ። የማይዝግ ብረት አይሰበርም፤ ነገር ግን ማግኔት የሚስበው ዓይነት ከሆነ ዘንጓን በራሱ ላይ አጣብቆ ይይዛታል። ከመግዛት በፊት የማቀዝቀዣ በር ማግኔት በሥሩ ላይ ለጥፎ መሞከር ነገሩን ይገልጠዋል፤ ማግኔቱ ካልያዘ ብረቱ ለማማሰያ ይሆናል። የጠጅ ብርሌም በመልኩ ከቤተ ሙከራው ብልቃጥ ጋር ቢመሳሰልም ለመጠጫ የተሠራ ነው፤ መጠኑ ትንሽ፣ አንገቱም ለማጠብ የማይመች ነው።

ጋኑ ለምን ይመረጋል?

እዚህ ላይ ከኢትዮጵያ የመጣው ጠማቂ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። እናቱ ወይም አያቱ ጠላውን በመጨረሻ ምዕራፉ አፉን ከድነው በጭቃ ያመርጉት ነበር። የብልቃጡ ባለቤት ግን አየር እንዲገባ ክዳኑን ያላላል። ከሁለቱ አንዱ ስሕተት አይደለም፤ ልዩነቱ የሚመጣው በዕቃው ውስጥ ካለው ሕይወት ነው።

በብልቃጡ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ ንጹሕ እርሾ ነው። ይህ አሠራር ዴንማርካዊው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በ1883 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ እርሾን ከአንዲት ሕዋስ ለብቻ አራብቶ ካወጣ ጊዜ ጀምሮ የመጣ ነው። በጋኑ ውስጥ ያለው ግን ማኅበር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቀለ ባሕሩ፣ ጠጠምቄ መሐሪና ሞገሴ አሸናፊ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በጠጅ ውስጥ የተለያዩ የእርሾ ዝርያዎችንና ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችን አግኝተዋል፤ ይዘቱም ከአምራች አምራች፣ በአንድ አምራች ዘንድም ከጊዜ ወደ ጊዜ እንደሚለያይ አሳይተዋል። ከማሩ፣ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው ቀዳዳዎች የሚመጡት እነዚህ ተሕዋስያን የየራሳቸውን ጣዕም ያዋጣሉ።

እንዲህ ያለውን ቅይጥ ጥንስስ በብልቃጥ አድርጎ ክዳኑን አላልቶ ቀንና ሌሊት ማማሰል አደጋ አለው። አየር በበዛበት ስፍራ አልኮልን ወደ አሴቲክ አሲድ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ይበረታሉ፤ ውጤቱም ኮምጣጤ ነው። ተከፍቶ የዋለ ጠላ የሚሆመጥጥበት ምክንያት ይኸው ነው። ጋኑን የምታመርግ ሴት የባክቴሪያውን ስም ባትጠራውም አየሩን በመከልከል ታስታግሠዋለች። በወይራ ጭስ ማጠኗም ከመዓዛው ባሻገር በዕቃው ላይ ያሉትን ተሕዋስያን ለመቀነስ ይረዳታል።

ስለዚህ በኮሎምበስ የሚጠምቅ ሰው አስቀድሞ መወሰን ያለበት የሚያራባው ምን እንደሆነ ነው። እንደ አገር ቤቱ በጌሾና በብቅል የሚጠነስስ ከሆነ የሚሽከረከር ብልቃጥ አያስፈልገውም። በሚገባ የጸዳና የሚከደን የመስታወት ወይም ለምግብ የተፈቀደ የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃዋል፤ የጭቃውንም ምርጊት፣ ጋዝን አስወጥቶ አየርን በማያስገባ የውኃ ክዳን ሊተካው ይችላል። ከፋብሪካ የመጣ ፈሳሽ እርሾ የሚያራባ ከሆነ ግን ማማሰያውና ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነው ዕቃ ተገቢ ናቸው።

ለጠጅ የሚዘጋጅ ከሆነ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ማር ስኳሩ ብዙ ቢሆንም እርሾ ለመራባት የሚያስፈልገው ናይትሮጅን እጅግ ያንሰዋል። ስለዚህ ንጹሕ እርሾን በብርዝ ብቻ ለማራባት ከመሞከር ይልቅ በብቅል ጭማቂ ማራባት ወይም ለእርሾ የተዘጋጀ ምግብ መጨመር ይሻላል። የደረቀ እርሾ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ጥንስስ ላያስፈልገው ይችላል። በጥቅሉ ውስጥ ያለው ሕዋስ በቁጥር ብዙ፣ በስንቅም የተሟላ በመሆኑ እንደ መመሪያው በለብ ያለ ውኃ ማነቃቃቱ ይበቃል፤ ለአምራቹ የቀረው ሥራ ብዛቱን ከሚጥለው ጠጅ ጋር ማመዛዘን ብቻ ነው።

ሁለቱን መንገዶች ማጣመርም ይቻላል። ንጹሑ እርሾ በብልቃጥ እየተማሰለ በአየር ይራባል፤ ሲበቃው ጌሾ ወዳለበት ብርዝ ይገለበጣል፤ ዕቃውም ከዚያ በኋላ ይከደናል። በዚህ አሠራር ብልቃጡ ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ያገለግላል፤ ለሚቀጥሉት ሳምንታት አየርን ከልክሎ መጠጡን የሚጠብቀው የተከደነው ዕቃ ነው። የወይራው መዓዛ የናፈቀው ሰው፣ የሚኖርበት ቤት ደንብ የሚፈቅድለት ከሆነ፣ ሙቀትን የሚችል ዕቃውን ጭስ ማስጠንቀቂያ በሌለበት በጓሮው ያጥናል።